በሩን ያጠበበው ማን ነው?
የብሪታንያ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ የመረጡባቸው ዘመናት

በጁን 1890 አንድ ቀን፣ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሴኔት ሃውስ የተባለው አዳራሽ በሰው ተሞልቶ ነበር። የሒሳብ ትምህርት የመጨረሻ ፈተና ውጤት የሚነገርበት ዕለት ነው። በልማዱ መሠረት የወንዶቹ ስም በየደረጃቸው ተነበበ፤ አንደኛ የወጣው ተማሪም «ሲኒየር ራንግለር» የሚለውን የክብር ስም ይዞ በጭብጨባና በሆታ ተመሰገነ። ከዚያ በኋላ የሴቶቹ ዝርዝር ለብቻው መነበብ ጀመረ። ሴቶች ፈተናውን በመደበኛነት እንዲቀመጡ ከተፈቀደላቸው ገና ዘጠኝ ዓመት ነው። ደረጃቸውም የሚገለጸው ከወንዶቹ ጋር በማነጻጸር፣ «በእገሌና በእገሌ መካከል» እየተባለ ነበር። የፊሊፓ ፎሴት ስም ሲጠራ ግን በዚያ አዳራሽ ከቶ ተሰምቶ የማያውቅ ቃል ተነገረ፤ ደረጃዋ «ከሲኒየር ራንግለሩ በላይ» ነው ተባለ።

ፊሊፓ ያን ጊዜ የ22 ዓመት ወጣት ነበረች። አባቷ ሄንሪ ፎሴት ዓይነ ስውር የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰርና የፖስታ ሚኒስትር የነበሩ ሰው ናቸው፤ እናቷ ሚሊሰንት ፎሴት ደግሞ የእንግሊዝ ሴቶች የምርጫ መብት እንዲያገኙ ከታገሉት መካከል ግንባር ቀደሟ ነበሩ። ልጅቱ ከወንዶቹ ሁሉ ብትበልጥም በዚያ ዓመት ዲግሪ የተሰጣቸው ከእርሷ በታች የወጡት ናቸው። ካምብሪጅ ሴቶች ትምህርት እንዲከታተሉና እንዲፈተኑ ፈቅዷል፤ የዩኒቨርሲቲው አባል ሆነው እንዲመረቁ ግን አልፈቀደም። ፊሊፓ በሩን አልፋ ገብታለች፤ ቤቱ ግን የእርሷ አልሆነም።

ዛሬ ልጆቻቸውን ወደ ብሪታንያ ለመላክ የሚያስቡ ወላጆች፣ እዚያው አገር ተወልደው ያደጉ የስደተኛ ልጆችም ጭምር፣ በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ «ለመግባት ከሁሉ የሚከብደው የትኛው ነው?» መልሱም ብዙውን ጊዜ ቁጥር ነው፤ ከመቶ አመልካች ይህን ያህል ይቀበላል የሚል። የእነዚህ ተቋማት ታሪክ የሚያስተምረው ግን በሩ የጠበበው በየዘመኑና በየተቋሙ በተለያየ ምክንያት መሆኑን ነው። በአንዱ ዘመን መሐላ፣ በሌላው ጾታ፣ በሌላው የግሪክኛ ሰዋስው፣ በሌላው ደግሞ ገንዘብ በር ዘጊ ሆኖ ቆሟል። ቁጥሩ የሚቆጥረው በሩን ያንኳኳውን ብቻ ነው፤ ከመንገድ የቀረውን አይቆጥርም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፈተና ያልነበረው ጠባብ በር

በኦክስፎርድ ማስተማር የተጀመረው በ11ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ ላይ ሲሆን፣ ተቋሙ በፍጥነት ያደገው በ1167 ንጉሥ ሄንሪ 2ኛ እንግሊዛውያን ወደ ፓሪስ ሄደው እንዳይማሩ ከከለከሉ በኋላ ነው። በ1209 በተማሪዎችና በከተማው ሕዝብ መካከል በተነሣ ጠብ ምክንያት ከኦክስፎርድ የወጡ ምሁራን ካምብሪጅ ላይ ሠፈሩ፤ ሁለተኛውም ዩኒቨርሲቲ በዚህ ተመሠረተ። ከዚያ ወዲህ ከስድስት መቶ ዓመታት በላይ በእንግሊዝ ምድር ጸንቶ የቆየ ሌላ ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። ስኮትላንድ ግን በሕዝብ ብዛት ከእንግሊዝ እጅግ ያነሰች ሆና ሳለ በ1413 ሴንት አንድሩስን፣ በ1451 ግላስጎን፣ በ1495 አበርዲንን፣ በ1583 ደግሞ ኤድንበራን ከፍታ ነበር።

በእነዚያ ረጅም ዘመናት በኦክስፎርድና በካምብሪጅ የሁሉም የሚሆን የመግቢያ ፈተና አልነበረም። ተማሪውን የሚቀበለው ዩኒቨርሲቲው ሳይሆን ኮሌጁ ነበር። ላቲን የሚያውቅ፣ የሚመሰክርለት ሰው ያለውና ክፍያውን የሚችል ወጣት ይገባል። ድኻው ተማሪ ለሀብታሞቹ እየታዘዘ ይማር ነበር፤ አይዛክ ኒውተን በ1661 ወደ ካምብሪጁ ትሪኒቲ ኮሌጅ የገባው በዚህ መንገድ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን በር የሚከፍተው የመጡበት ትምህርት ቤት ነበር። ንጉሥ ሄንሪ 6ኛ በ15ኛው መቶ ዓመት የኢተንን ትምህርት ቤትና የካምብሪጁን ኪንግስ ኮሌጅ እንደ እናትና ልጅ አያይዘው መሠረቱ። ኪንግስ ኮሌጅም እስከ 19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ከኢተን ተማሪዎች በቀር ሌላ አይቀበልም ነበር። ይህም ሳያንስ የኮሌጁ ልጆች እስከ 1851 ድረስ የዩኒቨርሲቲውን ፈተና ሳይቀመጡ ዲግሪ የመቀበል መብት ነበራቸው። በዚያ ዘመን የአመልካችና የተቀባይ ስሌት የሚሠራ ሰው ቢኖር ኖሮ ኪንግስ ኮሌጅን «ለመግባት ቀላል» ይለው ነበር፤ አመልካቹ ጥቂት ነውና። እውነቱ ግን በሩ ለአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ወለል ብሎ የተከፈተ፣ ለቀረው የአገሩ ሕዝብ ደግሞ የተከረቸመ መሆኑ ነበር።

የመሐላው ቁልፍ

የሃይማኖት ለውጡ ከመጣ በኋላ ሌላ ቁልፍ ተጨመረ። ከ1581 ጀምሮ ወደ ኦክስፎርድ የሚገባ ተማሪ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን እምነት የተዘረዘረባቸውን 39 አንቀጾች እንደሚቀበል በፊርማው ማረጋገጥ ነበረበት። ካምብሪጅ ደግሞ ይህን ማረጋገጫ የሚጠይቀው በመግቢያው ሳይሆን በምረቃው ጊዜ ነበር። ስለዚህ ካቶሊኩ፣ አይሁዱና ከአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን የተለየው ፕሮቴስታንት ኦክስፎርድ ከደጃፉ ሲመልሳቸው፣ ካምብሪጅ አስተምሮና ፈትኖ ባዶ እጃቸውን ይሸኛቸው ነበር። የትኛው ይከብዳል ቢባል ለመመለስ የሚያስቸግር ጥያቄ ነው።

ጄምስ ጆሴፍ ሲልቬስተር የተባለ አይሁዳዊ ወጣት ይህን በራሱ ሕይወት አየው። በ1837 በካምብሪጅ የሒሳብ ፈተና ሁለተኛ ወጣ፤ በእምነቱ ምክንያት ግን ዲግሪ አልተሰጠውም። ወደ አየርላንድ ተሻግሮ ከደብሊኑ ትሪኒቲ ኮሌጅ ተመረቀ። በ19ኛው መቶ ዓመት ከተነሡት ታላላቅ የሒሳብ ሊቃውንት አንዱ እስኪሆን ድረስም የተማረበት ዩኒቨርሲቲ የእርሱ ምሩቅ መሆኑን አላወቀለትም።

ፓርላማው በ1854 ለኦክስፎርድ፣ በ1856 ለካምብሪጅ ባወጣቸው ሕጎች ማሰሪያውን አላላ፤ በ1871 የወጣው ሕግ ደግሞ ከሥነ መለኮት ትምህርት በቀር የሃይማኖት ማረጋገጫውን አስቀረ። ሲልቬስተር በ1872 ከካምብሪጅ ዲግሪውን ተቀበለ፤ ፈተናውን ካለፈ 35 ዓመት ሆኖት ነበር። በ1883 ደግሞ ቀድሞ እንደ እርሱ ያለውን ሰው ከደጃፉ ይመልስ የነበረው ኦክስፎርድ የጂኦሜትሪ ፕሮፌሰር አድርጎ ሾመው።

ሰፊ መግቢያ፣ ጠባብ መውጫ

ለተገፉት ሌላ በር የተከፈተው በዋና ከተማዪቱ ነው። በ1826 ለንደን ውስጥ ጋወር ስትሪት በተባለው ጎዳና ላይ፣ የተማሪውን ሃይማኖት የማይጠይቅ ተቋም ተመሠረተ፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን የሚባለው ነው። ተቃዋሚዎቹ «እግዚአብሔር የለሽ» የሚል ስም አወጡለት፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ኪንግስ ኮሌጅ ለንደን የተባለውን አንግሊካናዊ ተቋም አቋቋሙበት። ሲልቬስተር ገና ዲግሪ ሳይኖረው የማስተማር ሥራ ያገኘው በዚያ በጋወር ስትሪቱ ኮሌጅ ነበር።

ሁለቱን ኮሌጆች የሚፈትን የለንደን ዩኒቨርሲቲ በ1836 ተቋቋመ። በ1858 ደግሞ የዓለምን የትምህርት ታሪክ የለወጠ ውሳኔ አሳለፈ፤ ተማሪው የትም ቢማር፣ በግሉም ቢያጠና፣ የመግቢያውንና የምረቃውን ፈተና ካለፈ ዲግሪ ይሰጠው አለ። የዚህ ተቋም ክብደት ከኦክስፎርድ የተለየ ነበር። ማንም እንዲሞክር ይፈቀድለታል፤ ፈተናው ግን ምሕረት አያውቅም፤ ብዙዎችም እየወደቁ ይቀሩ ነበር።

ይህ መንገድ ወደ ምሥራቅ አፍሪካም ደርሷል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የካርቱም፣ የማከሬሬና የናይሮቢ ኮሌጆች ከለንደን ዩኒቨርሲቲ ጋር በልዩ ግንኙነት ተሳስረው በራሳቸው ምድር የለንደንን ዲግሪ ለተማሪዎቻቸው አሰጥተዋል። ካርቱም በ1956 ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ማከሬሬና ናይሮቢ ደግሞ በ1963 ከዳሬ ሰላም ጋር የምሥራቅ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ አባል ሆኑ። በኢትዮጵያም ቢሆን የአገሩ የመልቀቂያ ፈተና ከመተከሉ በፊት የመጀመሪያዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ለለንደን ማትሪኩሌሽን ይቀመጡ ነበር። ትውልዶችን እንቅልፍ የነሳው «ማትሪክ» የሚለው ቃል ከዚሁ የመጣ ነው። የቃሉ የላቲን ሥር ትርጉም መዝገብ ነው፤ ማትሪክ ማለፍ ማለትም ስምን በዩኒቨርሲቲው መዝገብ ላይ ማስፈር ማለት ነበር።

የስኮትላንድ ዩኒቨርሲቲዎች ልማድ ደግሞ ሌላ ነበር። እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ ድረስ የ15 ዓመት ልጅ ያለ ጥብቅ የመግቢያ ፈተና ገብቶ፣ መጠነኛ ክፍያ እየከፈለ ትምህርቱን ይከታተል ነበር። ይህ ለጋስነት ግን ለሴቶች አልደረሰም። በ1869 ሶፊያ ጄክስ ብሌክና ጓደኞቿ ሕክምና ለመማር በኤድንበራ ዩኒቨርሲቲ ተመዘገቡ፤ በ1870 ወደ ፈተና አዳራሽ ሲሄዱ ሁከተኛ ሕዝብ መንገድ ዘግቶ ጭቃ ወረወረባቸው፤ በመጨረሻም ዩኒቨርሲቲው ሊያስመርቃቸው እንደማይችል በፍርድ ቤት ተወሰነ።

የሴቶች ረጅም ጉዞ

የለንደን ዩኒቨርሲቲ በ1878 ዲግሪውን ለሴቶች ሲከፍት ከእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ ቀዳሚው ነበር። በካምብሪጅ ገርተን በ1869፣ ኒውናም በ1871 የሴቶች ማደሪያና መማሪያ ሆነው ተቋቁመዋል፤ በኦክስፎርድም ሌዲ ማርጋሬት ሆልና ሶመርቪል በ1879 ተከፍተዋል። ነገር ግን ማደሪያ ማግኘትና ዲግሪ ማግኘት የተለያዩ ነገሮች ነበሩ። ከ1904 እስከ 1907 ባሉት ዓመታት ብዙ መቶ የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ሴት ተማሪዎች፣ አንድ ጊዜ ሲልቬስተር እንዳደረገው፣ በመርከብ ወደ ደብሊን እየተሻገሩ በገዛ ዩኒቨርሲቲያቸው የተነፈጉትን ዲግሪ ከትሪኒቲ ኮሌጅ ተቀብለዋል። «የእንፋሎት መርከብ እመቤቶች» የሚል ስምም ወጥቶላቸዋል።

ኦክስፎርድ በ1920 ለሴቶች ዲግሪ መስጠት ጀመረ። ይሁን እንጂ በ1927 የሴቶቹን ቁጥር የሚገድብ ደንብ አወጣ፤ ደንቡም እስከ 1957 ጸንቶ ቆየ። ይህም ማለት በአንድ ዓመት፣ ለአንድ ትምህርት፣ ወንድሙ ከሚያልፍበት በር እኅቱ የምታልፍበት እጅግ የጠበበ ነበር ማለት ነው። ካምብሪጅ ይባስ ብሎ እስከ 1948 ድረስ ዘገየ። የወንዶች ብቻ የነበሩት ኮሌጆች ሴቶችን መቀበል የጀመሩት በካምብሪጅ በ1972፣ በኦክስፎርድ በ1974 ነው፤ የመጨረሻው የወንዶች ኮሌጅ የካምብሪጁ መግደለን በሩን የከፈተው በ1988 ነበር።

ግሪክኛ፣ ገንዘብና መንግሥት

መሐላው ከተነሣ በኋላም ሁለት የማይታዩ ማጣሪያዎች ቀርተው ነበር። አንደኛው ቋንቋ ነው። ካምብሪጅ እስከ 1919፣ ኦክስፎርድ እስከ 1920 ድረስ ኬሚስትሪ ለመማር የሚመጣውን ሳይቀር ግሪክኛ ይጠይቁ ነበር። ላቲን ደግሞ እስከ 1960 ድረስ አልተነሣም። ግሪክኛ በሚገባ የሚያስተምሩት ባለጸጋዎቹ ትምህርት ቤቶች ስለነበሩ ደንቡ በስም የዕውቀት፣ በግብር ግን የኑሮ ደረጃ መለኪያ ነበር።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። መንግሥት በ1920 ለጥቂት ጎበዞች ስኮላርሺፕ መስጠት ጀመረ። በ1944 የወጣው የትምህርት ሕግ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን ለሁሉም ነፃ አደረገ። በ1951 ኤ ሌቭል የተባለው ፈተና ተተከለ። በ1962 ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ለገባ የአገሩ ተማሪ ሁሉ ክፍያውንና እንደ ወላጆቹ ገቢ የመተዳደሪያ ድጎማውን መንግሥት እንዲሸፍን ተደነገገ። በዚያ ዓመት ገደማ ከመቶ ወጣቶች ዩኒቨርሲቲ የሚገቡት አራት ያህል ብቻ ነበሩ። በሎርድ ሮቢንስ የተመራው ኮሚቴ በ1963 ባቀረበው ዘገባ፣ በችሎታውና በውጤቱ ብቁ ለሆነ ሁሉ የከፍተኛ ትምህርት ቦታ ሊኖረው ይገባል የሚለውን መርሕ አጸና። አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎችም በየክፍለ ሀገሩ ተከፈቱ።

ከአፍሪካ የሚመጣው ተማሪ መንገድ ከዚህ ይለያል። ጆሞ ኬንያታ በ1930ዎቹ በለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት በታዋቂው አንትሮፖሎጂስት በማሊኖቭስኪ ሥር ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ ያለውን ትምህርት ሲከታተሉ፣ ከኋላቸው የነበረው መሠረት የሚሲዮን ትምህርት ነበር። የኪኩዩን ሕዝብ ባህል የገለጹበት መጽሐፋቸውም በ1938 ታተመ። ጁሊየስ ኔሬሬ ከማከሬሬ ተነሥተው በነፃ የትምህርት ዕድል ኤድንበራ ገቡ፤ በ1952 ተመረቁ። በ1974 በኢትዮጵያ ተከታትለው ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ልጅ እንዳልካቸው መኮንንና ልጅ ሚካኤል እምሩ ሁለቱም የመኳንንት ልጆች፣ ሁለቱም በኦክስፎርድ የተማሩ ነበሩ። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ደግሞ በ1947 የማዕድን ምሕንድስና እንዲያጠኑ ወደ እንግሊዝ ተልከው ነበር። ሥዕላቸው ግን የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አካል ወደሆነው ወደ ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አደረሳቸው። ምሥራቅ አፍሪካውያኑ የገቡባቸው በሮች ብዙ ነበሩ፤ አንዳቸውም ከሌላው ጋር በአንድ ሚዛን አይመዘኑም።

ይህ ለውጭ ተማሪ የነበረው ድጎማ በ1980 አበቃ። የብሪታንያ መንግሥት ከውጭ የሚመጣው ሙሉ ወጪውን እንዲከፍል ወሰነ። ከዚያ ወዲህ ከናይሮቢ ወይም ከአዲስ አበባ ለሚያመለክት ወጣት የመጀመሪያው ፈተና የውጤት ሳይሆን የገንዘብ ሆነ።

ለአገሩም ልጅ ቢሆን የኦክስፎርድና የካምብሪጅ በር የተለየ ማጣሪያ ነበረው። ሁለቱም የራሳቸው የመግቢያ ፈተና ነበራቸው፤ ብዙ የግል ትምህርት ቤቶችም ኤ ሌቭልን የጨረሱ ተማሪዎቻቸውን ለዚሁ ፈተና ብቻ ለተጨማሪ ወራት ያዘጋጁ ነበር። ካምብሪጅ ይህን ፈተና በ1980ዎቹ፣ ኦክስፎርድ በ1990ዎቹ አጋማሽ አስቀሩ። ክርክሩ ግን አልበረደም። በ2000 ከሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ የመንግሥት ትምህርት ቤት የመጣች፣ ውጤቷ እጅግ ከፍ ያለ ተማሪ ኦክስፎርድ ሕክምና እንድታጠና ሳይቀበላት ቀረ፤ በአሜሪካ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ግን ስኮላርሺፕ ሰጣት። የገንዘብ ሚኒስትሩ ጎርደን ብራውን ጉዳዩን በአደባባይ ሲያወግዙ ኮሌጁ በበኩሉ ለጥቂት ቦታዎች የቀረቡት አመልካቾች ሁሉ የላቁ ነበሩ ብሎ ተከላከለ። ከአገሪቱ ተማሪዎች በግል ትምህርት ቤት የሚማሩት ሰባት በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ በዚያ ዘመን ከኦክስፎርድ የአገር ውስጥ አዲስ ገቢዎች ግማሽ ያህሉ ከእነዚሁ ትምህርት ቤቶች የሚመጡ ነበሩ። በ2020ዎቹ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ድርሻ ወደ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ከፍ ብሏል።

የቁጥር ዘመን

አሁን ያለው የቅበላ ሥርዓት በ1961 የተጀመረው የማዕከላዊ ማመልከቻ አሠራር ውጤት ነው፤ ዩካስ የተባለው የዛሬው ተቋም በ1993 ተመሠረተ። ተማሪው በአንድ ማመልከቻ እስከ አምስት ምርጫ ያቀርባል። እዚህ ላይ አንድ ቀላል ስሌት ብዙ ያስተምራል። መቶ ተማሪዎችና አምስት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ እንበል፤ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲም 20 ቦታ ብቻ አለው። ተማሪዎቹ ሁሉ ለአምስቱም ቢያመለክቱ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ «መቶ አመልክተውልኝ 20 ብቻ ተቀበልሁ» ሊል ይችላል። በመጨረሻው ግን መቶውም ተማሪ አንድ ቦታ ያገኛል፤ ውጭ የቀረ የለም። አምስቱም ዩኒቨርሲቲዎች ሰማንያ ሰማንያ ሰው መልሰናል ቢሉ አልዋሹም።

ለንደን የሚገኘው የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት በ2020ዎቹ ከሁለት ሺህ ላነሱ ቦታዎች ከ25 ሺህ በላይ ማመልከቻ ሲቀበል፣ ኦክስፎርድ ለ3,300 ገደማ ቦታዎች 23 ሺህ ያህል ይቀበላል። በቁጥሩ ብቻ የሄደ ሰው የመጀመሪያው በእጥፍ ገደማ ይከብዳል ይላል። ነገር ግን አንድ ተማሪ በአንድ ዓመት ለኦክስፎርድና ለካምብሪጅ በአንድነት ማመልከት አይፈቀድለትም፤ አንዱን መምረጥ አለበት። ማመልከቻውም ከሌሎቹ ቀድሞ በኦክቶበር አጋማሽ ይዘጋል፤ ለብዙ ትምህርቶች ተጨማሪ ፈተና አለ፤ ከዚያም ቃለ መጠይቅ ይከተላል። ይህን የሚደፍረው አስቀድሞ ራሱን የመዘነ፣ መምህሮቹም ያበረታቱት ተማሪ ነው። የለንደኑ ተቋም በአብዛኛው ቃለ መጠይቅ ስለማያደርግ በጽሑፍ የቀረበው ማመልከቻና ውጤት ይፈርዳል፤ ለአመልካቹም አምስተኛ ምርጫውን ወደዚያ መወርወር አያስቸግረውም። ስለዚህ ሁለቱ ቁጥሮች የሚለኩት አንድ ነገር አይደለም።

በአንዱ ዩኒቨርሲቲ ውስጥም ልዩነቱ ሰፊ ነው። በኦክስፎርድ ለኮምፒዩተር ሳይንስ ወይም ለኢኮኖሚክስና ማኔጅመንት ለአንድ ቦታ ከአሥር በላይ አመልካች ሲሽቀዳደም፣ ለጥንታዊ ግሪክና ላቲን ትምህርት ግን ሦስት ገደማ ብቻ ይቀርባል። ይህን አይቶ በሩ ሰፊ ነው ማለት ይቀላል። ነገር ግን ላቲን የሚያስተምር ትምህርት ቤት ያገኘ ልጅ ስንት ነው? ቋንቋዎቹን ሳያውቁ ለሚመጡ የተዘጋጀ መንገድ ቢኖርም፣ ሐሳቡ የሚመጣለት ወጣት ቀድሞም ጥቂት ነው። በ1920 ከዩኒቨርሲቲው ደጃፍ የተነሣው የግሪክኛ ማጣሪያ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተዛወረ እንጂ ጨርሶ አልጠፋም።

ስኮትላንድ ላይ ደግሞ በሩን የሚያጠብበው መንግሥት ራሱ ነው። ለስኮትላንድ ነዋሪ የመጀመሪያ ዲግሪ ክፍያውን መንግሥት ስለሚሸፍን የሚከፍልላቸውን ቦታዎች ቁጥር ይወስናል። ከእንግሊዝ ወይም ከውጭ የሚመጣው ግን ከፍሎ ስለሚማር በዚህ ገደብ ውስጥ አይቆጠርም። ስለዚህ በኤድንበራ ወይም በሴንት አንድሩስ አንድ ወንበር የሚፈልጉ ሁለት ተማሪዎች፣ አንዱ የግላስጎ፣ ሌላው የለንደን ልጅ ቢሆኑ፣ የሚያልፉበት በር አንድ አይደለም። በእንግሊዝ ተመሳሳይ የተማሪ ቁጥር ገደብ በ2015 ተነሥቷል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዕውቅ ዩኒቨርሲቲዎች ተስፋፉ። ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ግን ተማሪውን በኮሌጅ የሚያኖሩ፣ በጥቂት በጥቂቱም የሚያስተምሩ በመሆናቸው ብዙ አልሰፉም። የኦክስፎርድ አመልካቾች በ2010 ከነበሩት 17 ሺህ ገደማ በአሥር ዓመት ውስጥ ከ23 ሺህ በላይ ሲደርሱ ቦታው በነበረበት ቆየ። የዛሬው ጥበት ትልቁ ምክንያት ይኸው ነው፤ የወንበሩ ቁጥር ሳይጨምር የወረፋው መርዘም።

ሕክምናም የተለየ ነው። የትኛውም ዩኒቨርሲቲ ቢሆን የሕክምና ቦታ በመንግሥት የተመጠነ ነው፤ ለውጭ ተማሪ የሚተርፈውም ጥቂት ነው፤ አመልካቹም ለሕክምና ማቅረብ የሚችለው አራት ምርጫ ብቻ ነው። ስሙ እምብዛም በማይጠራ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና መግባት ስመ ጥር በሆነው ሌላ ትምህርት ከመግባት ሊከብድ ይችላል።

ያላንኳኩት

የእነዚህ ስምንት መቶ ዓመታት ታሪክ ለዛሬው ወላጅና ወጣት የሚጠቅመው ቁጥሩን በትክክል ለማንበብ ነው። «ከመቶ 15 ይገባል» የሚለው ቃል አመልካቾቹ እነማን እንደሆኑ፣ በስንት ቦታ እንዳመለከቱ፣ ለየትኛው ትምህርት እንደሆነና ክፍያውን ማን እንደሚሸከም ካልተነገረ ጎዶሎ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሳያመለክቱ ስለቀሩት ምንም አይናገርም። መሐላው ያስቀራቸው፣ ግሪክኛ ያልተማሩት፣ ሴት በመሆናቸው የተመለሱት ሁሉ በየዘመናቸው ከስሌቱ ውጭ ነበሩ። ዛሬም «ይህ ለእንደኛ ዓይነቱ አይደለም» ብሎ ማመልከቻውን ሳይልክ የሚቀረው ጎበዝ ልጅ በየትኛውም ሠንጠረዥ ላይ አይታይም። የማይገባ መስሎት የቀረና ሞክሮ የተመለሰ ሰው ግን አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው ቢያንስ ተቆጥሯል።

ፊሊፓ ፎሴት ካምብሪጅ ለጥቂት ዓመታት ሒሳብ ካስተማረች በኋላ በ1902 ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሻግራ በትራንስቫል ትምህርት ቤቶች በማቋቋም አገለገለች። ከ1905 ጀምሮ ደግሞ በለንደን የከተማ ምክር ቤት የትምህርት መሥሪያ ቤት እስከ ጡረታዋ እስከ 1934 ድረስ ለከተማዪቱ ልጆች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ስታስፋፋ ኖረች። በእርሷ ላይ የተዘጋውን በር ለመክፈት ሥራዋን የጀመረችው ከዩኒቨርሲቲው ደጃፍ ሳይሆን ከዚያ እጅግ ቀደም ብሎ ከሚገኘው መንገድ ላይ ነበር። ካምብሪጅ ለሴቶች ዲግሪ እንዲሰጥ የወጣው ውሳኔ የንጉሡን ይሁንታ ያገኘው በ1948 ነው። ፊሊፓ ይህን ሰምታ ብዙም ሳትቆይ፣ በዚያው ዓመት በጁን ወር፣ በ80 ዓመቷ አረፈች።